ቁልቁለቱ ሳይጀምር

ጎሃ ጽዮን ላይ፣ አስፋልቱ ወደ ዓባይ በረሃ ከመጠምዘዙ በፊት፣ የጭነት መኪኖች ዳር ይዘው ይቆማሉ። ረዳቱ ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት እየመታ ይዞራል፤ አየር የጎደለው ጎማ በድምጹ ይታወቃል። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ተመልሶ ገብቶ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ አድርጎ ይሞክራል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ወደ ደጀን ሽቅብ ይወጣል። በዚህ መስመር የኖረ ሾፌር መኪናውን ሳያይ መውረድ አይደፍርም።

በዚያው ሰዓት የቤት መኪኖች ሳይቆሙ በጭነት መኪኖቹ ጎን ያልፋሉ። ለበዓል ወይም ለሠርግ ወደ ጎጃም የሚሄድ ቤተሰብ ተሳፍሮባቸዋል፤ የዕቃ መጫኛው ጢም ብሏል። የሚነዳው ሰው ነዳጅ መሙላቱን እርግጠኛ ነው። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ጎማዎቹ በየትኛው ዓመት እንደተሠሩ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ይሁን ኩላንት ቢጠየቅ ግን መልስ አያገኝም።

ሁለቱን የሚለያቸው የመካኒክነት ሙያ አይደለም። ጎማ ማየት፣ ዘይት መለካት፣ ፍሬን መሞከር ከጥንትም የሾፌር ሥራ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ስለ ሞተርና ስለ ፍሬን አሠራር ተምሯል፣ ተፈትኗልም። ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ብዙዎች ኮፈኑን የሚከፍቱት መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም ብቻ ነው።

አሁን ያለንበት ጊዜ ደግሞ ይህን ቸልተኝነት ውድ አድርጎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜ በጠገቡ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሽከረከረው ቪትዝና ኮሮላ ሞተሩ ቢነክስ ባለቤቱ በቀላሉ ሌላ ገዝቶ የሚተካው አይደለም። ያለው መኪና መቆየት አለበት።

ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ። ፍሬን መኪናን የሚያቆመው ፍጥነቱን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው፤ ሸራው ዲስኩን ወይም ታምቡሩን ይዞ ይፋተጋል፣ ሙቀቱም አየር ላይ ይበተናል። ከተማ ውስጥ በአንዱ መብራትና በሌላው መካከል ለመብረድ ጊዜ ያገኛል። ዓባይ በረሃ ወይም ጣርማ በር ላይ እግሩን ከፍሬን የማያነሳ ሾፌር ግን ለሙቀቱ ፋታ አይሰጠውም። ሸራው ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማል። ሙቀቱ አልፎ የፍሬን ዘይቱን ሲያገኘው የሚከተለው ከዚህ ይብሳል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳይፈላ መመዘኛው ያስገድዳል፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 በተመሳሳይ ሁኔታ ከ230 ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን መውረዱን አይተውም። ጠዋት ሸገር ውስጥ እንከን ያልነበረው ፍሬን ከሰዓት በኋላ በረሃው ውስጥ የሚከዳው ለዚህ ነው። በርካታ የመኪና አምራቾች የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር የሚመክሩት በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ በዋጋ ደረጃ ከመኪና ጥገናዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። አንዳንዱ ዘይቱ ሲጎድል ያገኘውን የሞተር ዘይት ይጨምርበታል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነው፤ የሞተር ዘይት በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

ቁልቁለት የሚወረደው በከባድ ማርሽ ነው። ሽቅብ ሲወጡ የሚያስገቡትን ማርሽ ቁልቁል ሲወርዱም ማስገባት የቆየ የሾፌሮች ሕግ ነው፤ አውቶማቲክ መኪናም ቢሆን ለዚሁ የተሠራ፣ ኤል ወይም ቢ ወይም 2 ተብሎ የተጻፈበት ቦታ አለው። ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ ፍሬኑም ያርፋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሰው ግን ይህን ኃይል በገዛ እጁ ይጥለዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ቁጠባውም የለም፦ በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነዳጁን ይዘጋል፤ በፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ሲል ነዳጅ ያቃጥላል።

ከደጀን በኩል ያለው ዳገት ደግሞ የሌላ ችግር ቦታ ነው። ኮፈን ከፍተው፣ እንፋሎት እየተነፈሱ የቆሙ መኪኖች እዚያ ይታያሉ። ሾፌሩ ጀሪካን ይዞ ውኃ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አገሩ ራሱ መታወቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ተራ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አብዛኛው የመኪና ሞተር ደግሞ በደህና ቀኑ የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። በመካከላቸው የቀረው ክፍተት ከቁጥር አይገባም። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊት ይዞ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ክዳኑ በማይገጥም ሌላ ክዳን ከተተካ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውኃው ይፈላል። የማፍላቱን ምክንያት ፍለጋ ሞተር ከመክፈት በፊት ክዳኑን ማየት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

“እኛ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?” የሚለው ክርክር በየጋራዡ ይሰማል። ኩላንት ውኃ እንዳይረጋ የሚያደርገው ለበረዶ አገር ነው፣ እውነት ነው። ግን የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፣ ቀጫጭኖቹ የራዲያተር ቱቦዎች ደለል እንዳይዙ ይረዳል። ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር ሲፈታ የሚወጣው ቀይ ጭቃ ለዚህ ማስረጃ ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት መኪናው ባፈላ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፤ ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። የተበላሸው ይቀየራል እንጂ ቦታው ባዶ አይቀርም።

መንገድ ላይ ካፈላ ደግሞ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋትና መጠበቅ ነው። ክዳኑን በትኩሱ የከፈተ ሰው ፊቱና እጁ ይቃጠላል፤ የላይኛው ቱቦ በእጅ ተይዞ እስኪቻል ድረስ መታገስ ያስፈልጋል። ከቀዘቀዘ በኋላም ቢሆን ውኃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ቴስታታውን ሊያጣምመው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል። እያፈላ “ትንሽ ልጠጋ” ተብሎ የተነዳ መኪና መጨረሻው ብዙውን ጊዜ ጓርኒሲዮን ማቃጠል ነው። ምልክቱንም ማንም ያውቀዋል፦ የዘይት መለኪያው ሲሳብ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ይወጣል፤ ውኃና ዘይት ተደባልቀዋል ማለት ነው።

ስለ ሞተር ዘይት ሁሉም ሰው አንድ ቁጥር ያውቃል፦ 5,000 ኪሎ ሜትር። ቁጥሩ መጥፎ አይደለም፤ ግን ኪሎ ሜትር ብቻውን የሞተርን ድካም አይናገርም። ከመገናኛ ሜክሲኮ በሥራ መግቢያ ሰዓት የሚመላለስ መኪና በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 5,000 ለመሙላት ሞተሩ ከ330 ሰዓት በላይ ይሠራል። በአገር አቋራጭ መንገድ በሰዓት 75 የሚሄደው ያንኑ ርቀት በ67 ሰዓት ይጨርሰዋል። ኦዶሜትሩ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ዘይቱ ውስጥ ግን አይደሉም። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚጠፋበት አጭር ጉዞም ነዳጅና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ከባድ አጠቃቀም ብለው የሚዘረዝሩት አቧራ፣ አጭር ጉዞና መጨናነቅ የአዲስ አበባ ሾፌር የዕለት ኑሮ ነው።

ዘይት መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ መለኪያው ተስቦ ይጠረጋል፣ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ይሳባል። መጠኑ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ደህና ነው። ከላይኛው ምልክት ማለፉም እንደ መጉደሉ ሁሉ ጉዳት አለው። ቀለሙ መጥቆሩ ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም፤ በተለይ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራል። በየሳምንቱ የሚለካ ሰው የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም ለውጥን ማየት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሙሉ የነበረ ዘይት ዛሬ ጎድሎ ከተገኘ የሆነ ቦታ ሄዷል።

ጎማ ላይ ግን ከዘይት የበለጠ ንዝህላልነት አለ። ሰው ጥርሱን ያያል፣ ዕድሜውን አያይም።

በጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የተቀረጸ ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2317 ማለት በ2017 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ገዢ ልብ ማለት ያለበት ነገር አለ፦ ዓመቱ የፈረንጆች ነው። በእኛ አቆጣጠር ያ ጎማ የ2009 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ጎማ ነው። ቁጥሩን አይቶ በ2017 ዓ.ም. የተሠራ አዲስ ጎማ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ስምንት ዓመት ያህል ያረጀ ላስቲክ ይዞ ይሄዳል። ያልተነዳበት ጎማም ቢሆን ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። አንዳንድ ታላላቅ ጎማ አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ደህና ቢመስል ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላው ጎማ እንዲቀየር ይመክራሉ። ጥርሱ ደግሞ ራሱ መለኪያ አለው፤ በጎድጓዶቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከፍታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጥርሱ ከእነሱ እኩል ከሆነ አልቋል። በክረምት ዝናብ እንዲህ ያለ ጎማ ውኃውን መግፋት ስለማይችል በላዩ ይንሳፈፋል።

የአየር መጠን የሚታወቀው በግምት ወይም በጎሚስታው ልማድ አይደለም። ትክክለኛው ቁጥር በአብዛኛው መኪና በሾፌሩ በር መዝጊያ ዓምድ ላይ ተለጥፏል፤ የሚለካውም ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጠዋት ነው። በፍጥነት መንገድ ላይ የሚፈነዳው ጎማ ብዙውን ጊዜ አየር የበዛበት ሳይሆን ያነሰው ነው። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ መታጠፉ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ውስጡን ይገነጣጥለዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ የሚወርድ ሰው ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ያጋጥሙታል። ቆላው ላይ ከውጭ የሚጫነው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ የሚታየው ግፊት ሦስት ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ የአፋር ሙቀት ደግሞ ያንኑ ያህል ይጨምረዋል። የሚሻለው እዚያ አድሮ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ መለካት ነው። መንገድ ላይ የሞቀ ጎማ ለክቶ አየር ማስተንፈስ ግን ስህተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል።

አንዳንድ ዕቃ ምልክት ሳይሰጥ ይበጠሳል። ከእነዚህ ዋናው የታይሚንግ ቺንጋ ነው። ቺንጋው የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን ጊዜ ያስተካክላል፤ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም በአንድ ቅጽበት ይወድማል። በርካታ የናፍጣ ቶዮታዎች ለዚህ ብለው ዳሽቦርዱ ላይ “ቲ-ቤልት” የሚል መብራት አላቸው፤ በብዙዎቹ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይበራል። መብራቱ ቺንጋውን አያየውም፣ ኪሎ ሜትር ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ ቺንጋው ሳይቀየር መብራቱን ማስጠፋት ሾፌሩን ራሱን ማታለል ነው። ቪትዝ በቺንጋ ፈንታ ካቴና አለው። ካቴናው ረዥም ዕድሜ አለው፣ ግን የሚኖረው በንጹሕ ዘይት ነው። ያገለገለ መኪና የገዛና የቺንጋውን ታሪክ የማያውቅ ሰው ቺንጋው አልተቀየረም ብሎ ቢነሳ ይሻለዋል።

የዳሽቦርድ መብራቶችን ትርጉም ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም። ቀለሙ ይበቃል። ቢጫ ማለት ሰሞኑን ጋራዥ ግባ ነው፤ ቀይ ማለት አሁኑኑ ቁም ነው። የዘይት ማሰሮ የሚመስለው ቀይ መብራት ዘይት ጎድሏል ከሚል ቀላል መልእክት የከበደ ነገር ይናገራል፤ የዘይት ግፊት ጠፍቷል ይላል። ግፊት በሌለው ሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል፣ እስከሚቀጥለው ማደያ እንኳ ላይደርስ ይችላል።

ይህን ሁሉ ማወቅ መካኒኩን አያስቀረውም። መካኒኩ ጋር የሚደረገውን ንግግር ግን ይለውጠዋል። “ድምጽ አለው” ብሎ ቁልፍ አስረክቦ የሚሄድ ደንበኛ መካኒኩን ለግምት ይዳርገዋል፤ በግምት የተቀየረ ዕቃ ደግሞ የሚከፈለው በደንበኛው ኪስ ነው። መሪ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምጽ ወደ ጆይንቱ ያመለክታል። ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ጉምጉምታ ኩሽኔታን ያስጠረጥራል። ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚንኳኳው ቴስቲኒ ወይም አሞርዛተር ሊሆን ይችላል። ደንበኛው የዕቃውን ስም ማወቅ የለበትም፤ መቼ፣ በስንት ፍጥነት፣ በየትኛው ጎን፣ ፍሬን ሲያዝ ነው ወይስ ሲለቀቅ የሚለውን ከተናገረ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ኮምፒውተሩም ቢሆን ይህን ንግግር አይተካም። በማሽኑ ላይ የሚወጣው ኮድ የተበላሸውን ዕቃ ስም አይጠራም፣ ችግሩ የታየበትን አካባቢ ነው የሚናገረው። ሞተሩ አንዱን ሲሊንደር እየዘለለ ነው የሚለው ኮድ ከካንዴላም፣ ከኮይልም፣ ከነዳጅ መርጫውም ሊመጣ ይችላል።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ፍለጋ የሚወጣ ሰውም እንዲሁ ማወቁ ይጠቅመዋል። አንዱ ሱቅ ኦርጅናል፣ ሌላው ተመሳሳይ፣ ሦስተኛው ከሌላ መኪና የተፈታ ያገለገለ ዕቃ ያቀርባል፤ ሦስቱም ዋጋቸው ይለያያል፣ ሦስቱም ቦታ ቦታ አላቸው። የውስጥ መብራት ወይም የበር እጀታ ያገለገለ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። የፍሬን ሸራና የመሪ ዕቃ ግን በዋጋ የሚደራደሩበት አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩንና አሮጌውን ዕቃ ይዞ የሄደ ሰው በአንድ ጉዞ ይመለሳል። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስለት የሚጠይቅ ደንበኛም መካኒኩን አላማውም፤ የከፈለበትን ማየት መብቱ ነው። በመኪናው ኪስ ውስጥ የምትቀመጥ፣ የተቀየረው ነገር፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ የሚጻፍባት ደብተር ደግሞ መኪናው ሲሸጥ ሳይቀር ዋጋ አላት።

አሁን መንገዶቻችን ላይ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከዚህ ዝርዝር የተወሰነውን ይሰርዛሉ። የሞተር ዘይት የላቸውም፣ ካንዴላ የላቸውም፣ ቺንጋም የላቸውም፤ ከፍታውም አቅማቸውን አይቀንሰውም፣ አየር አይተነፍሱምና። “ጥገና አይፈልጉም” የሚለው የሻጮች አባባል ግን ትክክል አይደለም። ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ፣ ሲነሱም ኃይላቸው ድንገተኛ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይጨርሳሉ። ፍሬናቸው በሞተሩ ስለሚታገዝ ሸራቸው ዓመታት ይቆያል፣ የፍሬን ዘይታቸው ግን እንደ ማንኛውም መኪና እርጥበት ይስባል። የብዙዎቹ ትልቁ ባትሪ በኩላንት ነው የሚቀዘቅዘው። አብዛኞቹ ደግሞ እንደ ቤንዚን መኪናው ያለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም።

አንድ ነገር ግን ከቤንዚኑ መኪና ፈጽሞ ይለያል፤ ባለቤቱ፣ የላቫጆ ሠራተኛውና የሰፈሩ ኤሌክትሪሻን ሁሉ ሊያውቁት ይገባል። ከኮፈኑ ሥር የሚታዩት ወፋፍራም ብርቱካናማ ሽቦዎች በብዙዎቹ መኪኖች ከ300 ቮልት በላይ ይሸከማሉ፤ ሰው ይገድላሉ። ሥልጠናውም መሣሪያውም የሌለው ሰው አይንካቸው፣ አይፍታቸው፣ በግፊት ውኃም አይጠባቸው።